ኮከቡን «ድሃ» አትበሉት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጋዜጣችሁ ጅማ የሚደርሰው አንዳንዴ በማግስቱ፣ አንዳንዴም በሦስተኛው ቀን ነው። እኔ እጅ የሚገባው ደግሞ ጎረቤቴ ያለው ሻይ ቤት ውስጥ ሦስት አራት ሰው ካገላበጠው በኋላ ነው፤ ስለዚህ የዚህ ደብዳቤ መዘግየት የእኔ ስንፍና ብቻ አይደለም። ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ወርቅና ብር እሠራለሁ። ከአባቴ ወናፍ ሥር ተቀምጬ ሥራውን ከጀመርኩ 41 ዓመት ሆነኝ። ስለ ከዋክብት ለጋዜጣ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ጽሑፋችሁ ግን ሳላስበው እኔ ሙያ ውስጥ ገብቶ አገኘሁትና ዝም ማለት አቃተኝ።

«ከዓለም የቀደመው ድሃ ኮከብ» የሚል ርእስ ሰጥታችሁት ነበር። ከሥሩ ባሉት ጥቂት መስመሮች ኮከቡ «ብረት ያጣ ድሃ» እንደሆነ፣ ዕድሜውም ከአጽናፈ ዓለም ዕድሜ እንደሚበልጥ፣ ሊቃውንቱም ግራ እንደገባቸው ነገራችሁን። የኮከቡን ስም እንኳ አልጻፋችሁም። ፊዚክስ የምትማረው ልጄ ግን ከወሬው አወቀችው። የመዝገብ ስሙ ኤችዲ 140283 ነው፤ የቅጽል ስሙ ማቱሳላ። የዘፍጥረቱ ማቱሳላ 969 ዓመት እንደኖረ የሰማ ሰው ቅጽሉ ለምን እንደወጣለት አይጠፋውም።

ከዕድሜው ልጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሀብል በተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ (የአንገት ሐብል አይደለም፣ የሰው ስም ነው፤ እኔም መጀመሪያ ተሳስቻለሁ) የኮከቡን ርቀት በጥንቃቄ የለኩ ተመራማሪዎች ዕድሜውን 14.46 ቢሊዮን ዓመት ብለው አሰሉት። አጽናፈ ዓለም 13.8 ቢሊዮን ዓመቱ ነው። እናንተ እዚህ ላይ አቆማችሁ። ከቁጥሩ ጎን ግን ሌላ ቁጥር ነበረ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም 0.8 ቢሊዮን ሊስት ይችላል የሚል። 14.46 ላይ 0.8 ስትቀንሱለት 13.66 ይሆናል፤ ልጅ ከእናቱ በኋላ ተወለደ ማለት ነው። የእኔ ሚዛን ከአንድ ግራም አሥረኛውን ልትስት ትችላለች። አንዲት ደንበኛ 10 ግራም ብላ ያመጣችው አምባር 10.1 ቢመዝን ወርቁ አድሮ ወለደ ብዬ በሯ ድረስ ሄጄ አላበስርም። ከዚያ በኋላ የወጡ ስሌቶችም ዕድሜውን ወደ 12 ቢሊዮን አውርደውታል። የሚስትበትን ልክ ሳይናገር ክብደት የሚናገር ወርቅ ሠሪ ገበያ ውስጥ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ፤ «ብረት ያጣ ድሃ» ወዳላችሁት።

በመጀመሪያ፣ የሥነ ፈለክ ሰዎች ብረት የሚሉት እኛ ብረት የምንለውን አይደለም። ሃይድሮጅንና ሂሊየምን ለብቻ ያስቀምጡና የቀረውን ሁሉ፣ ካርቦኑንም ኦክስጅኑንም፣ በአንድ ከረጢት ጠቅልለው ብረታ ብረት ይሉታል። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ተናድጄ ነበር። ኦክስጅን እኔ ዘንድ ሲሊንደር ውስጥ ታሽጎ የሚገዛ፣ ነበልባል የሚያስቆጣ ትንፋሽ ነው። እንኳን ብረት ሊሆን፣ በመዶሻ ሊመታ፣ በእጅ እንኳ አይያዝም። «አባዬ፣ እነሱ የሚለዩት ከመጀመሪያው የነበረውንና በኋላ የተሠራውን ነው» አለችኝ። እንዲህ ከሆነ ይሁን፤ ስሙን ማን እንዳወጣው ባላውቅም መቼም አንጥረኛ አይደለም።

የእኛ ሙያ ሰው ቅይጥን በ24 እጅ ይከፍላል። 18 ካራት ሲባል ከ24 እጅ 18ቱ ወርቅ፣ 6ቱ መዳብና ብር ነው። ልጄ ስለ አጽናፈ ዓለም የመጀመሪያ ደቂቃዎች ስታጫውተኝ፣ ያኔ የተሠራው ነገር በክብደት ሦስት አራተኛው ያህል ሃይድሮጅን፣ አንድ አራተኛው ያህል ሂሊየም፣ ከእነሱ ጋር የሊቲየም እንጥፍጣፊ ብቻ ነበር አለችኝ። ልክ 18 ካራት ማለት ነው! መዶሻዬን አስቀምጬ ሳቅሁ። ሌላው ሁሉ፣ እጄ ላይ ያለው መዶሻ ብረቱም፣ ደሜ ውስጥ ያለውም፣ ቆይቶ በከዋክብት ሆድ ውስጥ የበሰለ ነው። ይህ ሁሉ ተጨምሮም የዛሬዋ ፀሐይ ላይ ከሁለቱ ውጭ ያለው በክብደት ከመቶ 1.4 ገደማ ቢሆን ነው፤ በእኔ ስሌት የካራት ሲሶ። ብረቱን ብቻውን ብትወስዱት በአንድ ኪሎ ፀሐይ ውስጥ 1.3 ግራም ገደማ ይገኛል። ማቱሳላ ውስጥ ያለው ከዚህ 250 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው።

ማቱሳላ ደግሞ ከባዶቹ ሁሉ ባዶው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 አውስትራሊያ ባለው ስካይማፐር በተባለ ቴሌስኮፕ አማካይነት ስለተገኘ አንድ ኮከብ ተጽፏል። ብረቱን ቢፈልጉ ቢፈልጉ አጡት። ቢኖርም እንኳ ፀሐይ ካላት ከ10 ሚሊዮን አንድ እጅ አይሞላም። ያችን 1.3 ግራም ከእርሱ ላውጣ ብል ቢያንስ 10 ሺህ ቶን ኮከብ ማቅለጥ ሊኖርብኝ ነው፤ የጅማ ከሰል ሁሉ አይበቃኝም። ካልሲየም ግን ትንሽ አግኝተውበታል። የሰጡት ማብራሪያ፣ ከእርሱ በፊት የነበረ 60 ፀሐይ ያህል የሚመዝን ግዙፍ ኮከብ በደካማ ሁኔታ ፈነዳና የሠራው ብረት ወጥቶ ሳይበተን ተመልሶ ብርሃን እንኳ ወደማያመልጠው ጥቁር ጉድጓድ ወደቀ የሚል ነው። አስቡት፤ አያቱ ምን ዓይነት ሞት እንደሞተ የልጅ ልጁን ቆዳ አይተው አወቁ።

እንዴት አወቁ የሚል ሰው ሱቄ ይምጣ። ቀለበት ስበይድ ቦራክስ እነሰንሳለሁ፤ ያኔ የነበልባሉ ዳር ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ሙቀቱ በርትቶ ከግንባሬ አንዲት የላብ ጠብታ የወደቀችበት እንደሆነ በቅጽበት ቦግ ብሎ ቢጫ ይሆናል፤ ጨው ነው። ዚንክ የተቀላቀለበት ብር ሲቀልጥ ነጭ ጢስ ይተፋል። አባቴ ይህን ሁሉ ያነብ ነበር፣ ፊደል ግን አያነብም። ጀርመን አገር ፍራውንሆፈር የሚባል መስታወት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1814 የፀሐይን ብርሃን በመስታወት ከፍሎ ሲያይ ቀለማቱ መሐል ከ500 በላይ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች አገኘ። እንደ እኔው የእጅ ባለሙያ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። በ1860 ገደማ ቡንሰንና ኪርሆፍ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ጨውና ብረት እሳት ላይ እያስቀመጡ መስመሮቹን ለባለቤቶቻቸው አከፋፈሉ። ይህኛው የጨው፣ ያኛው የብረት፣ ያኛው የካልሲየም እያሉ። እ.ኤ.አ. በ1951 ቻምበርሌይንና አለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የማቱሳላን ብርሃን ቢከፍቱ የብረት መስመሮቹ ሳስተው አገኟቸው። እስከዚያ ድረስ ብዙው ሰው ኮከብ ሁሉ እንደ ፀሐይ የተቀየጠ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ልጄ እዚህ ላይ አንዲት ሴት ካልጠቀስህ ደብዳቤውን አልተይብልህም ስላለችኝ ልጥቀስ። ሴሲሊያ ፔን እ.ኤ.አ. በ1925 ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጅን መሆናቸውን ስታረጋግጥ አንድ ታላቅ የዘመኑ ሊቅ አይሆንም አላት፤ እርሷም ውጤቱ እውነት ላይሆን ይችላል ብላ በራሷ ጽሑፍ ውስጥ ለመጻፍ ተገደደች። ከአራት ዓመት በኋላ ያው ሊቅ ትክክል ነበረች አለ። ተጠቅሷል፤ እንቀጥል።

የብረታ ብረቱ ማነስ የዕድሜ ምልክት የሚሆነው እንዲህ ነው። ትልልቆቹ ከዋክብት በጥቂት ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ተቃጥለው ያልቃሉ። ሆዳቸው ውስጥ ሃይድሮጅኑን ወደ ሂሊየም፣ ሂሊየሙን ወደ ካርቦንና ኦክስጅን፣ እያሉ እያሉ እስከ ብረት ያደርሱታል። ብረት ላይ እሳቱ ይከስራል። ከዚያ በኋላ የአተሞቹን እምብርት እርስ በርስ ማጋጠም ሙቀት የሚወስድ እንጂ የሚሰጥ አይደለም። ያን ጊዜ የኮከቡ ልብ በአንዲት ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ይደረመሳል፣ ሌላው ይፈነዳል፣ የሠራው ሁሉ ወደ ሰማይ ይበተናል። ቀጣዩ ትውልድ የሚወለደው ይህ ከተነሰነሰበት ጋዝ ነው። እርሱም በተራው ይሞትና የራሱን ይጨምራል። ስለዚህ ቅይጡ ያነሰ ኮከብ እሳቶቹ ገና ብዙ ሳይሆኑ የተወለደ ነው። እነዚያ ጥንታውያን እስከ ዛሬ የቆዩልን ትንንሾቹ ብቻ ናቸው፤ ከፀሐይ የቀለለ ኮከብ እሳቱን ስለሚቆጥብ ከ13 ቢሊዮን ዓመት በላይ መኖር ይችላል። ውስጡ ቢበስልም ላይኛው ገጽ በአብዛኛው እንደ ልደቱ ይቆያል። ጀበና አስቡ። ሆዱ ውስጥ ቡናው ስንት ጊዜ ይፈላል፣ ውጪው ግን ያው ሸክላው ነው፤ አፈሩ ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣ የሚያውቅ ሰው ዛሬም ያውቀዋል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ልጠቅሳት ለምፈልጋት ለጠገራ ብር ነው።

ከዴዶ፣ ከሰቃ፣ ከአጋሮ የሚመጡ እናቶች አሮጌ የብር ጌጥ ያመጡልኛል፤ ለልጃቸው ሰርግ በአዲስ መልክ እንድሠራው። አምና አንዲት እናት ያመጡት አምባር ተደጋግሞ የቀለጠ፣ ቅርጹ የጠፋ ነበር። «ይህ ከአያቴ ነው፣ ንጹሕ ብር ነው» አሉኝ። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ጫር አደረግሁና አሲድ አንጠባጠብሁበት። ንጹሕ አልነበረም። ከስድስት እጅ አንዱ ገደማ መዳብ ነው። ያን ጊዜ አወቅሁት፤ ጠገራ ነበር። የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ከሺህ እጅ 833ቱ ብር ነው፣ በየትም ዓመት ቢመታ ላዩ ላይ 1780 የሚል ቁጥር አለበት። የንግሥቲቱ መልክ ከቀለጠ ስንት ዘመኑ፣ ቁጥሩም የለም፣ ቅይጡ ግን አልተለወጠም። አሁን ከውጭ የሚገባው የጌጥ ብር ከሺህ 925 ስለሆነ ከእርሱ ጋር አይምታታም። ለሴትዮዋ «እናቴ፣ አያትዎ ቡና ሸጠው ወይም ማር ሸጠው ጠገራ ተቀብለዋል» አልኋቸው። «ማር ነው» አሉኝ፤ ከየት እንዳወቅሁት ግራ ገብቷቸው አፋቸውን ያዙ።

ፍኖተ ሐሊብን፣ ፀሐያችን ያለችበትን ጋላክሲ (የከዋክብት ክምችት በሉት)፣ የሚያጠኑት ሰዎች የሚሠሩትም ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ጋያ የምትባል የአውሮፓ መንኮራኩር ወደ ጠፈር ተልካ ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጡ ከዋክብትን ቦታ መለካት ጀመረች። በ2018 ልኬቶቿን ያገላበጡ ተመራማሪዎች፣ እኛ ዘንድ ካሉት ጥንታውያን ከዋክብት ብዙዎቹ እዚህ የተወለዱ እንዳልሆኑ ተረዱ። ከ10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አንዲት ታናሽ ጋላክሲ መጥታ ፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ወድቃ ቀልጣለች። መልኳ የለም። ከዋክብቷ ግን አካሄዳቸው የእንግዳ ነው፤ ቅይጣቸውም ይለያል። ማግኒዚየም ከትልልቆቹ ፍንዳታ ቶሎ ይመጣል፣ ብረት ግን አብዛኛው ትንንሽ የሞቱ ከዋክብት ቆይተው ሲፈነዱ ነው የሚመጣው። ኮከብ የመውለድ ፍጥነቷ ዝግ ባለ ጋላክሲ ውስጥ የዘገየው ብረት ገና ማግኒዚየሙ ሳይበዛ ይደርሳል። ስለዚህ የሁለቱን ልክ አይቶ ይህ የቤት ነው፣ ይህ የእንግዳ ነው ማለት ይቻላል። ድንጋይና አሲድ ማለት ነው፤ ድንጋዩ ብቻ በጣም ሩቅ ነው።

ስለ ወርቅ ካልነገርኋችሁ ደግሞ ወርቅ ሠሪ ነኝ ማለቴ ምንድን ነው። ወርቅ ብረትን አልፎ የሚሠራ ስለሆነ ተራ እሳት አይበቃውም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 2017 ከ130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ሁለት የኒውትሮን ከዋክብት፣ የሞቱ ኮከቦች ዐፅም በሏቸው፣ ሲጋጩ ታየ፤ ከባባድ ንጥረ ነገሮች እንዲህ ባለ ቦታ እንደሚሠሩ ያን ጊዜ በዓይን ታወቀ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ግን ያው ነገር ብረታ ብረት ባነሳቸው ጥንታውያን ከዋክብት ላይ ተጽፎ ተገኝቶ ነበር። ሬቲኩለም 2 የምትባል በጣም ትንሽ ጋላክሲ ውስጥ ካዩአቸው ዘጠኝ ከዋክብት ሰባቱ ከወርቅ ጋር አብረው በሚሠሩት ከባባድ ነገሮች ተሞልተው ተገኙ። በአንዲት ታናሽ ሰፈር አንድ ያልተለመደ ክስተት ደረሰና ከዚያ በኋላ የተወለደውን ልጅ ሁሉ ቀባው። ሙሽሮች ቀለበት ሊለኩ ሲመጡ ይህን እነግራቸዋለሁ። አብዛኞቹ ዋጋ ቀንስልን ነው የሚሉኝ።

እንግዲህ «ድሃ» ስላላችሁት። ድሃ ማለት ሊኖረው ሲገባ ያጣ ነው። ይህ ኮከብ ምን አጣ? በተወለደበት ዘመን የነበረውን ሁሉ ይዟል፤ ያልነበረውን ከየት ያምጣ? ልጄ «ንጥር» እንበለው አለችኝ። እርሱም አይሆንም። ንጥር ሰው አቅልጦ፣ ዝገቱን አውጥቶ ያጠራው ነው፤ እነዚህን ማን አነጠራቸው? ቃሉ ሙያችን ውስጥ አለ፤ ያልተቀየጠ። ፈጽሞ ያልተቀየጠ ስላልሆነ ግን «ቅይጡ ያነሰ ኮከብ» ብትሉት ይበቃል። ማንም አማርኛ ተናጋሪ ሰምቶ ይገባዋል፣ ከጀርባውም አንድ የሚቀይጥ ነገር እንዳለ ይጠይቃል።

በስም ላይ ለምን ይህን ያህል እንደምከራከር ከጠየቃችሁኝ፣ በአባቴ ዘመን ሰው ሥራችንን ይፈልግ ነበር፣ ሠሪውን ግን ይሸሽ ነበር። ቀጥቃጭ፣ ጠይብ፣ ከዚያም የከፋ ይሉን ነበር። ጎረቤት ቡና ሲጠራው የአባቴ ሲኒ ለብቻዋ ትቀመጥ ነበር፤ ጆሮዋ የተሰበረች ናት። አባቴ ሲሞት ከመሣሪያው ጋር ሰጡን። አሁን ቦራክስ አስቀምጥባታለሁ።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። ርእሱን አርሙልን። ዳግመኛ ስለ ሰማይ ስትጽፉ ደግሞ ዘጋቢያችሁን እንጦጦ ላኩት፤ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች እዚያው ተራራ ላይ አሉ፣ ከእናንተ ቢሮ በታክሲ የሚደረስ ነው። እኛ ከዚህ መጥተን አንጠይቅላችሁም።

ባለፈው የካቲት መጨረሻ ልጄና እኔ ቱሪስት ከሚያስጎበኝ ጎረቤታችን ባይኖክላር ተውሰን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ጅሬን ወጣን። ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በታች ቆመን ከተማው በጉም ተሸፍኖ ነበር፣ ከላይ ግን ጥርት ያለ ነው። ማቱሳላ የሚገኘው ሚዛን በሚባለው የከዋክብት ክፍል ውስጥ ነው፤ ለእኔ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም ነበር። በዓይን ብቻ አይታይም። ከሚዛን ሁለት ደማቆች ሰሜናዊውን ይዛችሁ፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ አራት ጣት ያህል ወደ ምሥራቅ ትሄዳላችሁ። ብርሃኑ ከተነሳ 200 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ከጀርባችን ያለው ቤተ መንግሥት ያኔ አልተሠራም። ቅዝቃዜው እጄን ሲያንቀጠቅጠው ባይኖክላሩን አጥር ላይ አስደግፌ አየሁ። ሦስት ደብዛዛ ነጥቦች ተራ በተራ አሉ። ልጄ መካከለኛዋ ናት አለች። እኔ የግራዋ ትመስለኛለች። እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

አንድ ወርቅ ሠሪ
ከጅማ፣ ሂርማታ መርካቶ